ባሌ ጎታ የተባለ ለት

ከቡልጋ ተድሬ አዳማ የገባሁ ሰሞን ነው። ገበያ መሐል አንድ ሰው ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ወደ ጎን እያለ መንገድ ለቀቀለት። ጸጉሩ በቅቤ ርሷል፣ ጆሮው ላይ ሎቲ ተንጠልጥሏል። አጠገቤ ያሉት ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ጎታ! ጎታ!» ይላሉ። እኔ ደግሞ በአገሬ ጎታ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ በጭቃና በጭድ ተሠርቶ ጓዳ የሚቆመው፣ እህል የሚከተትበት። «ምነው፣ ሰውየው ይህን ያህል ይበላል እንዴ?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ! አቤት የዚያን ቀን የተሳቀብኝ ሳቅ! ሽንኩርት ሻጯ እንባዋን በነጠላዋ እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች።

ቤት ስገባ ለባሌ ነገርኩት። የባሌ አባት የሸዋ ወታደር፣ እናቱ ደግሞ የአርሲ ኦሮሞ ነበሩ፤ ስለዚህ በአማርኛ ይቆጣል፣ በኦሮምኛ ያባብላል። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም።

«በእናቴ ቋንቋ ጎታ ማለት ጀግና ማለት ነው» አለኝ። «ያ ያየሽው ሰው አንበሳ ገድሏል።» «እኔን ግን እስከ ዛሬ ጎታ ያለኝ የለም» አለ።

አነጋገሩ አንጀቴን በላው። ባሌ ብዙ የሚመኝ ሰው አልነበረም። መሬት አልተመኘም፣ ሹመት አልተመኘም። ያቺን አንዲት ቃል ግን እንደ ውሃ ጥም ይፈልጋት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ሥራው አደን ነው፤ ታዲያ የሚያድነው ጉማሬ ነው። አዋሽ ወንዝ ውስጥ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ አንዳንዴም አዳሚ ቱሉን አልፎ እስከ ላንጋኖ ይወርድና ይገድላል። ቆዳው በቁመቱ ይሰነጠቅና ይደርቃል፣ አለንጋ ይወጣዋል። አለንጋውንም ሰው «ጉማሬ» ነው የሚለው። እንግዲህ በአገሩ ልማድ ግዳይ የሚባለው ዝሆን ነው፣ አንበሳ ነው፣ አውራሪስ ነው፣ ጎሽ ነው። ጉማሬ ግን ከግዳይ አይቆጠርም። ጉማሬ የገደለ ራሱን ቅቤ አይቀባም፣ ሎቲ አያንጠለጥልም፣ ሠርግ ቤት ተነስቶ አይፎክርም። ባሌን የከተማው ሥራ ፈት ሁሉ «አለንጋ ቆራጩ» ይለው ነበር። ጎሽ ሳይገድል ማን ጎሽ ይለዋል!

የሚያድንባትን ጠመንጃ ያገኛት ከአንድ ፈረንጅ ነው። ያ ፈረንጅ ዝሆን ሊያድን መጥቶ፣ ባሌን መንገድ መሪ አድርጎ ቆላውን ሁሉ ሲዞር ከረመና ንዳድ ያዘው። በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ «ይህችን አንተ ያዛት» ብሎ ሰጥቶት ሄደ። ባለ ሁለት አፈሙዝ የዝሆን ጠመንጃ ናት። ሁለቴ ትናገራለች፣ ከዚያ ዝም። እርሳሷ ከአውራ ጣቴ ይወፍራል። በአዳማ ውጅግራ የያዘውም ምንሽር የያዘውም ሞልቷል፤ እንደሷ ያለች ግን ሌላ ቤት አልነበረችም። ጥይቷ እንኳ የሚገኘው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ የነበረው ግሪክ ሲያስመጣ ብቻ ነው፤ እሱም ሲፈልግ ያመጣል፣ ሳይፈልግ ይረሳል።

ባሌ «ባልቴቷ» ይላታል። እኔ «ጣውንቴ» እላታለሁ። ለምን አልላት? ከኔ በፊት ቤቱ የገባች እሷ፣ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የምትሸፈን እሷ፣ ቅቤ የምትጠጣ እሷ!

«የኔን ራስ ቅቤ ሳይነካው ስንት ጊዜው፤ ለሷ ታጠጣታለህ?» እለዋለሁ።

«አንቺ ቅቤ ስታጪ ትጮሂያለሽ፣ እሰማለሁ» ይለኛል። «እሷ ግን ስትዝግ ዝም ነው የምትለኝ።»

በአገሬ ሚስት ባሏን አንቱ ነው የምትለው። እኔም ሰው ፊት አንቱ እለው ነበር። ስናደድ ግን አንተ ነው፤ እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ አንተ ነበር ማለት ነው።

ባሌ ቀጭን ነው፤ ቁመቱም ከኔ ብዙ አይበልጥም። ባልቴቷ ስትተኮስ እንደ በቅሎ ትራገጣለች። ከአደን ሲመለስ ትከሻው ጠቁሮና አብጦ አገኘዋለሁ። ጨው በጨርቅ ቋጥሬ፣ ምድጃ አጠገብ አሙቄ ትከሻውን እያሸሁ እሰድበዋለሁ። ጥርሱን ነክሶ ይስቃል። ስድቤ ስድብ ነው፤ እውነቱን ግን ልናገር፦ እንደሱ ያለ አዳኝ አላየሁም። ሌላው ሰው ትልቅ ጠመንጃ ሲይዝ ከሩቅ ነው የሚያንጓጓው። እሱ ሸምበቆ ውስጥ ገብቶ የአውሬውን ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ ይቀርባል። «ትልቅ ጥይት የሚሰጥህ ቀርበህ ባንዴ እንድትገላግለው ነው፤ ያቆሰሉትን ጥሎ መሄድ የወንድ ሥራ አይደለም» ይል ነበር። እንዲህ ሲናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ፊት ለፊት ግን አልነግረውም።

አንድ ልማድ ደግሞ ላስረዳ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በሷ ላይ ነውና። ግዳይ ቀድሞ ላደማ ነው። አንተ ጆሮውን ብትጭረው፣ ሌላው ሰው ልቡን በስቶ ቢጥለው፣ ግዳዩ ያንተ ነው። ጅራቱን የምትቆርጠው አንተ፣ ቅቤ የምትቀባው አንተ። ይህን ሸዋም ያውቀዋል፣ አርሲም ያውቀዋል፣ በዚህ የሚከራከር የለም።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ባሌ ከአዋሽ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ጎሽ አገኘ። ተኮሰ፣ መታው። ጎሹ ደሙን እያንጠባጠበ ገባ፣ እሱም ዱካውን ይዞ ተከተለ። የሚመኘው ቀን ደረሰ ማለት ነው። በዚያው ቀን ግን እኔ ቤት ውስጥ በንዳድ እየተቃጠልኩ ነበር። ጎረቤታችን «ቄስ ይጠራላት» እስክትል ድረስ ከፍቶብኝ፣ ባሏ እየሮጠ ወርዶ ወንዙ ዳር አገኘው። «ሚስትህ ልትሞት ነው» አለው።

ባሌ ዱካውን ትቶ መጣ። ዐይኔን ስገልጥ ራስጌዬ ተቀምጦ ጨርቅ በውሃ እየነከረ ግንባሬ ላይ ያደርጋል። ስድን ተመልሶ ሄደ፤ ዝናብ ዱካውን አጥቦታል። ጎሹም አልተገኘም። በከተማው የተባለውን ልንገራችሁ? «አለንጋ ቆራጩ ጎሽ ሲያይ ፈርቶ ሸሸ» ተባለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ ያላየውም ሁሉ እንዳየ ሆኖ ያወራ ጀመር። ባሌ አንድ ቀን እንኳ «ሚስቴ ታማብኝ ነው» ብሎ አልመለሰም። እኔ ልናገር ስነሳ «ተይ፣ ሆድ ይፍጀው» ይለኛል። የኔ ሆድ መቼ እንዲህ ያለ ነገር ይችላል!

ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ። ኬላው ላይ አዲስ ሹም ተሾመ። አዲስ ምንሽር የያዘ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ግዳይ ጥሎ ሎቲ ለማንጠልጠል የቸኮለ ሰው ነው። አንድ ቀን አሽከሮቹን አስከትሎ አዋሽ ወረደና ሸምበቆ ዳር ብቻውን የሚግጥ ጎሽ ላይ ከሩቅ ተኮሰ። ጎሹ ጆሮው ደምቶ ገባ። ሹሙም «ነገ ሞቶ እናገኘዋለን» ብሎ በበቅሎው ተመለሰ።

ጎሽ እንዲህ ተብሎ የሚሞት ቢሆን ማን ጀግና ይባል ነበር? በነጋታው ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ የአርሲ ጎልማሳ ከብቶቹን ውሃ ሊያጠጣ ሲወርድ ጎሹ ከሸምበቆው ወጥቶ ወጋው። እዚያው ሞተ። ሴቶች ውሃ መቅዳት ፈሩ፣ ከብት በጥማት አገሳ። ወንዶቹ ይተያያሉ እንጂ የሚሄድ ጠፋ። የነሱ አይደለማ! ግዳዩ የሹሙ ነው፤ ለሌላ ሰው ሎቲ ብሎ ማን ነፍሱን ይሰጣል? ሹሙ ራሱ ሥራ በዝቶብኛል አለ።

ባሌ ባልቴቷን ከግድግዳው አወረዳት። የቀሩት ሁለት ጥይቶች ናቸው፤ ያረጁ፣ ቀለሃቸው አረንጓዴ ያወጣ።

«ብትገድለው የሱ ነው» አልኩት። «ብትሞት ግን የኔ ነህ። ምን ቆርጦህ ነው የምትሄደው?»

«ሰው ውሃ ጠምቶታል» አለኝ።

እኔስ እቀራለሁ? ከሴቶቹ ጋር እንስራችንን ይዘን ወንዙን ቁልቁል ከሚያሳየው ገደል አፋፍ ላይ ቆምን። ባሌ ሸምበቆው ውስጥ ገባ፤ የሸምበቆው ጫፍ ሲነቃነቅ ብቻ ነው የምናየው። ከዚያ መነቃነቁ ቆመ። ጎሹ በሌላ በኩል፣ ከኋላው ወጣ። ጥቁር ነው፣ ትልቅ ነው፣ የፊት እግሩን ያነክሳል። ጮህኩ። ባሌ ዞረ። ቃታ ሲስብ አየሁ፤ ድምፅ ግን የለም። ከሸፈች! ጎሹ አንገቱን ዝቅ አድርጎ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር። ባሌ አልሮጠም፤ አንድ እግሩን ወደ ኋላ አስተካክሎ ቆመና፣ ቀንዱ ሊነካው ምንም ሲቀረው ባልቴቷ ተናገረች። ገደሉ ራሱ የተናደ መሰለኝ። ጎሹ በጉልበቱ ወደቀ፣ ባሌም ወደ ኋላ ተወርውሮ በጀርባው ወደቀ። ሁለቱም አልተነሱም።

እንስራዬን ጥዬ እየወደቅሁ እየተነሳሁ ወረድኩ። ስደርስ ዐይኑን ገልጦ ሰማዩን ያያል። «ትከሻዬ» አለ። «ጨው አሙቂልኝ።» እዚያው መሬቱ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁም፣ አለቀስኩም፣ ሰደብኩትም። ሴቶቹ ከላይ እልል አሉ።

ተኩሱን ሰምቶ የወረደው ሰው እንደ ንብ መንጋ ሰፈረ። ሹሙም በበቅሎው ደረሰ። የተቀደደውን ጆሮ አሳየ። ሽማግሌዎቹ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልማድ ነው፣ የሱ ነው አሉ። ጅራቱን ቆረጠ። ባሌ ግራ እጁ አልታዘዝ እያለው፣ ቆዳ ከሚገፉት ጋር ቢላዋ ይዞ ተቀመጠ። እኔ ውሃ ላቀብለው አጠገቡ ቆሜያለሁ። ከትከሻው ሥር፣ ቆዳውና ሥጋው መሐል፣ የጠነከረ እብጠት ነበር። ቢላዋው ነካው፣ ጠጣር ነገር ነው። ባሌ በጣቱ ፈልፍሎ አወጣውና እጁን ጨበጠ። እኔ ግን አይቻለሁ። ወፍራም እርሳስ ነው፤ ከአውራ ጣቴ የሚወፍር። አዲሱ ጥይት ደግሞ የገባው በግንባሩ ነው።

ቤት እንደገባን በሩን ዘጋሁ። «እጅህን ክፈት!» አልኩት።

ከፈተው። የባልቴቷ እርሳስ ነው፤ እንዲህ ያለ እርሳስ ሌላ ማን አለው? ያ በንዳዴ ጊዜ ያመለጠው ጎሽ ነው። ለዚያ ነበር የሚያነክሰው። ቀድሞ ያደማው ባሌ ነው! ግዳዩ ገና ድሮ የሱ ነበር!

«ያንተ ነው! ጎታ ነህ! ውጣና ጩህ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? አንተ ካልወጣህ እኔ እወጣለሁ!» በሩን ይዣለሁ።

«ተቀመጪ» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ቀድሞ ያደማው እኔ ከሆንኩ፣ አቁስዬ የለቀቅሁትም እኔ ነኝ። ያን የአርሲ ሰው የገደለውን አውሬ እኔ ነኝ ያስከፋሁት። ጅራቱን ወስጄ ሬሳውን ለሹሙ ልተውለት?»

በሩን ለቅቄ ተቀመጥኩ። ተቀመጪ ተብዬ ስቀመጥ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወገቡ ላይ ቋጠረው።

እሁድ ሹሙ ድግስ ደገሰ። ራሱን በቅቤ ነክሮ፣ ሎቲውን አንጠልጥሎ፣ «ገዳይ! ገዳይ!» እያለ ፎከረ። ባሌ በደህና እጁ ጉልበቱን እየመታ አጨበጨበለት። እኔ ጠላውን ስቀምስ ሐሞት ሐሞት አለኝ። አንዱ ሥራ ፈት «አለንጋ ቆራጩስ ለምን አይፎክርም?» ሲል ሰው ሳቀ። ባሌም አብሮ ፈገግ አለ።

ማክሰኞ ደግሞ የሟቹ ወገኖች ወንዙን ተሻግረው መጡ። የሟቹ አባት ረጅም፣ በትር የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ከተማው ዳር ካለው ዋርካ ሥር የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶች ራቅ ብለን ቆምን። አባትየው ብዙ አልተናገሩም። «ልጄን አውሬ ገደለው፤ አውሬ አይከሰስም» አሉ። «ይህን አውሬ አቁስሎ የለቀቀው ሰው ግን ማን ነው? ግዳዩ የማን ነው? እሱ ብድግ ይበልልን፤ ፊቱን እንየው።»

ሰው ሁሉ ወደ ሹሙ ዞረ። ቅቤው ገና ከጸጉሩ አልደረቀም። ሹሙ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «እኔ ጆሮውን ነው የጫርኩት» አለ። «ጆሮ ምን ቁስል ነው? ከኔ በፊት ያስከፋው ሌላ ይኖራል እንጂ።» እሁድ ገዳይ፣ ማክሰኞ ጆሮ ጫሪ!

ባሌ ተነሳ። ጨርቁን ከወገቡ ፈታ፣ እርሳሱን መሐል መሬት ላይ አኖረው። «ከትከሻው ያወጣሁት ነው። የኔ ነው። ቀድሜ ያደማሁት እኔ ነኝ። ዱካውን ይዤ ነበር፣ ትቼው ተመለስኩ» አለ።

አባትየው በዝግታ ጎንበስ ብለው እርሳሱን አነሱት። መዳፋቸው ላይ ክብደቱን መዘኑት።

«ለምን ተመለስክ?» አሉት።

«ተመለስኩ። የምሰጠው ምክንያት የለኝም፣ አባቴ።»

እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «አለው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሴቶቹ ነጠላዬን ይጎትታሉ፣ እኔ እጮሃለሁ። «በንዳድ ልሞት ስል ልከውበት ነው! እኔ ነኝ የመለስኩት! ፈርቶ አይደለም!»

ባሌ እንደዚያ ተቆጥቶ አይቶኝ አያውቅም። አባትየው ወደኔ ዞሩ።

«ሚስትህ ናት?»

«አዎን።»

«ዳነች?»

«ይኸው እንደሚሰሙት» አለ ባሌ።

አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ሳቃቸው አመለጣቸው። አባትየው ግን አልሳቁም። እርሳሱን ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ ዐይናቸው እንባ ሞላ። ወደ ባሌ ሄደው እጁን ያዙ፣ እርሳሱን መዳፉ ላይ አደረጉት፣ ጣቶቹንም አንድ ባንድ አጠፉለት። «ጅራቱን ከዚያ ሰው ተቀበሉት» አሉ፣ ሹሙን በበትራቸው እያሳዩ። «ለልጄ የተበቀለለት ይህ ነው። እዳውንም የቆጠረ ይህ ነው። ሌላ ካሳ አልፈልግም።» የባሌን የታመመ ትከሻ ነኩና፣ ለሕዝቡ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ በኦሮምኛ «ጎታ!» አሉ።

ወገኖቻቸውም ተቀበሉ፤ «ጎታ! ጎታ!»

ባሌ አንገቱን ደፋ። ሎቲ አላንጠለጠለም፤ «ሰው የሞተበት ግዳይ አይፎከርበትም» አለ። ቤት ስንገባ ግን ለባልቴቷ የተቀመጠችውን ቅቤ አውርጄ እሱን ራሱን ቀባሁት። ቅቤው በግንባሩ ሲወርድ አልጠረገውም። ግራ እጁ ከዚያ ወዲህ ከደረቱ በላይ አልተነሳም፣ ባልቴቷም ዳግመኛ አልተናገረችም። እርሳሱን ጓዳ ካለው ጎታችን ውስጥ ጣልኩት። «ጎታ ጎታ ውስጥ ይቀመጥ» ስለው ያን ጊዜ ነው የሳቀው። እህሉ ሲያልቅ፣ ታች ድረስ እጄን ስሰድ አገኘው ነበር።

ባሌ ጣሊያን ሊመጣ ነው እየተባለ በሚወራበት ዘመን ሞተ። ቀብሩ ላይ የማዶ ሰዎች በጠቅላላ ወንዙን ተሻግረው መጡ፤ አባትየው አርጅተው፣ በሰው ተደግፈው። ደረታቸውን እየመቱ «ጎታ! ጎታ!» እያሉ አለቀሱለት። ከቡልጋ ለቅሶ የመጡ ዘመዶቼ ግራ ገባቸው። አክስቴ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው ስለ እህል ጎታ የሚያለቅሱት?» አለችኝ።

እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። ማስረዳት አልቻልኩም።

«ጎታችን ጎደለ ማለታቸው ነው፣ እታለም» አልኳት። አልዋሸኋትም።